የወር አስቤዛን በጎንደር ገበያ በአነስተኛ ወጪ እንዴት መሸመት ይቻላል?

ገበያ ከመውጣትዎ በፊት ለአንድ ወር ጤፍ፣ ሽሮ፣ በርበሬ፣ ዘይትና ሽንኩርት ምን ያህል እንደሚያልቅ በደብተር ይያዙ። ይህን ሳያውቁ በብዛት መግዛት ያከስራል፤ ጓዳ ሲሞላ እጅም ይፈታል።

ቅዳሜ ገበያ ብዙው ነገር በመደብና በጣሳ ይሸጣል። መደብ ዓይን ያታልላል፤ ትልልቁ ከላይና ከፊት ይደረደራል። ስለዚህ ትንሽ የእጅ ሚዛን ይያዙ። «እታለም፣ ልመዝነው?» ብሎ መጠየቅ ነውር የለውም። 100 ብር የተባለው የቲማቲም መደብ 1 ኪሎ ከ200 ግራም ከሆነ ኪሎው 83 ብር ገደማ ነው፤ ከሱቁ ዋጋ ጋር የሚወዳደረው ይህ ቁጥር ነው።

ትልቁ ቁጠባ ጤፍ ላይ ነው። አዝመራው ተወቅቶ ገበያ በሚገባበት በጥርና በየካቲት ይግዙ፤ ክረምት ላይ የገበሬው ጎተራ ሲሳሳ ዋጋው ይወጣል። ኩንታል ከበዛብዎ ከሁለት ሦስት ጎረቤት ጋር ይካፈሉት። ጤፍን ነቀዝ እምብዛም አይደፍረውም፤ ጆንያውን ከመሬት ከፍ አድርገው ከግድግዳ ካራቁት እስከ ቀጣዩ አዝመራ ይቆያል።

ሲገዙ ግን የጆንያውን አፍ ብቻ አይዩ። እጅዎን እስከ ክርን አስገብተው ከታች ይዝገኑ። ጨብጠው ሲለቁት ከተበተነ ደረቅ ነው፤ ከተያያዘ በጤፍ ዋጋ ውኃ እየገዙ ነው፣ በዚያ ላይ ይሻግታል። እፍኙን በውኃ አማስለው ቀስ ብለው ሲደፉት አሸዋ ካለ ከሥር ይቀራል። ብዙ ከመግዛትዎ በፊት ደግሞ አንድ ኪሎ ወስደው ቤት ይንፉት። ከኪሎው 100 ግራም ገለባና አፈር ከወጣ፣ 100 ብር የገዙት ጤፍ በእውነት 111 ብር ነው። ከጎኑ 108 ብር የተባለው ንጹሕ ጤፍ ይሻላል ማለት ነው።

ሽንብራ፣ አተርና ባቄላ የጤፍን ያህል አይታመኑም፤ ነቀዝ ይወዳቸዋል። አየር በማያስገባ ዕቃ ካላስቀመጡ ከሁለት ሦስት ወር በላይ የሚሆን አይግዙ። ሽሮን ተፈጭቶ ከመግዛት እህሉን ገዝቶ፣ ለቅሞ፣ ቆልቶ ማስፈጨት ይረክሳል፤ ምን እንደገባበትም ይታወቃል። በደንቢያና በፎገራ ጓያ በብዛት ስለሚዘራ ዋጋው ከሌላው በጣም የወረደ ሽሮ ሲያዩ ይጠርጥሩ። ጓያ ለወራት ዋና ምግብ ሲሆን እግር ይሰብራል። ጥሬው ላይ ልዩነቱ ግልጽ ነው፦ ሽንብራ ክብ ብሎ እንደ አፍንጫ ያለ ሹል ጫፍ አለው፣ ጓያ ግን ጠፍጣፋና ማዕዘናም ነው። ዱቄት ከሆነ በኋላ ለመለየት ይቸግራል።

የፎገራ ሽንኩርት በበጋ በመስኖ ይመረታል፤ ብዙ መግዛት ያኔ ነው። አንገቱ የደረቀውንና ቅርፊቱ የሚንኮሻኮሸውን ይምረጡ። በፌስታል ከቋጠሩት ያልበዋል፣ ይበሰብሳል። ወንፊት በመሰለ ጆንያ ወይም በቆጥ ላይ አስጥተው በየሳምንቱ የለሰለሰውን ያውጡ፤ አንዱ የበሰበሰ ጎረቤቶቹን ይዞ ይሄዳል።

ቅቤ የሚገዛው በጾም ነው። ኅዳር 15 የነቢያት ጾም ሲገባ ፈላጊ ይቀንሳል፤ ያኔ ገዝተው በኮረሪማና በአብሽ አንጥረው ያስቀምጡ። ገና ሲቃረብ ዋጋው ይነሣል፣ ጎንደር ላይ ደግሞ ጥር 11 ጥምቀት ስለሚከተልና ከተማው በእንግዳ ስለሚጥለቀለቅ ቶሎ አይወርድም። እንደ ዱቄት ያለ ባዕድ ነገር እንዳልገባበት ለማየት አንድ ማንኪያ ያቅልጡ፤ የተቀላቀለበት ከሥር ወፍራም ዝቃጭ ይተዋል።

የባጃጁንም ሂሳብ አይርሱ። አምስት ኪሎ ላይ በኪሎ 8 ብር ቢያተርፉ 40 ብር ነው፤ ደርሶ መልሱ ከዚያ ከበለጠ ከሰፈር መግዛት ያዋጣል። ለጥሩ ምርጫ ጠዋት ይሂዱ። ወደ ማታ ሻጮች ይዘው ላለመመለስ አትክልት ያረክሳሉ፣ ግን የዚያን ሰዓት ቲማቲም ስለሚፈርጥ ለዕለቱ ስልስ ብቻ የሚበቃዎትን ይውሰዱ።