የቁልፍ መያዣ ባትሪ ሲደበዝዝ፣ ሲላጥና ሲዝግ፦ ችግርና መፍትሄ

ድንጋዩ አለማለቁንና ተገልብጦ አለመግባቱን አይታችኋል ብዬ ነው የምጀምረው። እዚህ የማወራው ቁልፍ ላይ ስለሚንጠለጠል፣ ስለሚበራ ትንሽ የእጅ ባትሪ ነው። ይበራል፣ መልኩ ግን ተበላሽቷል። መስታወቱ ደብዝዟል፣ ቀለሙ ተልጧል፣ ቀለበቱ ዝጓል። ለጥገና እኔ ጋ ከሚመጡት ትንንሽ የቁልፍ መያዣ ባትሪዎች አብዛኞቹ እንዲህ ያሉ ናቸው። ዋጋቸው ርካሽ ስለሆነ ሰው ቶሎ ይጥላቸዋል። እኔ አይጣሉ ባይ ነኝ። ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ የሚኖር ሰው፣ መብራት በጠፋ ቁጥር ደረጃውን የሚወጣው በዚህች ጣት በምታክል ዕቃ ነው።

መስታወቱ ከውስጥ ነጭ ጉም ለብሷል

በብዛት የማየው ይሄን ነው፤ ስለዚህ በዝርዝር ልናገር።

ምልክቱ አይሳትም። መስታወቱ ዱቄት የተነፋበት ይመስላል። ከውጭ ብትወለውሉት ለውጥ የለውም። ግድግዳ ላይ ስታበሩት ጥርት ያለ ክብ ይሠራ የነበረው ብርሃን ይበተናል፣ ዳሩ አይለይም። ባለቤቱ አብዛኛውን ጊዜ «አርጅቷል» ወይም «አምፖሉ ደክሟል» ይለኛል። አምፖሉ ምንም አልሆነም።

የምጠይቀው አንድ ጥያቄ ነው፦ «ወድቆ መስታወቱ ወልቆ ነበር?» መልሱ አዎ ነው። «በምን አጣበቃችሁት?» በሱፐር ግሉ።

ሱፐር ግሉ የሚደርቀው በእርጥበት ነው። እስኪደርቅ ድረስ ግን ከፊሉ ይተናል። ትነቱ ሜዳ ላይ ቢሆን ተበትኖ ይጠፋል። የባትሪው ጭንቅላት ግን ዝግ ነው። መሄጃ ሲያጣ መስታወቱ ላይ ያርፍና እዚያው ነጭ ሆኖ ይደርቃል። ማጣበቂያው በበዛ ቁጥር ጉሙም ይበዛል።

አንድ ጊዜ የመጣልኝ ባትሪ መስታወቱ ውስጥ የአውራ ጣት አሻራ ነበረበት። እያንዳንዱ መስመር ነጭ ሆኖ ወጥቷል፣ ቀለም ነክተው ያተሙት ነው የሚመስለው። ባለቤቱ በጨርቅ ሲጠርግ ሰንብቶ ተስፋ ቆርጦ ነው ያመጣው። አሻራው ያለው በውስጥ በኩል ነው። ከማጣበቁ በፊት መስታወቱን በጣቱ ይዞት ነበር፤ ትነቱ የጣቱን ወዝ ተከትሎ ደረቀ። ፖሊስ የማይታይ አሻራ የሚያወጣበት አንዱ መንገድም ይኸው የሱፐር ግሉ ትነት ነው።

አሁን ወደ ጥገናው። መጀመሪያ ድንጋዩን አውጡ። ከዚያ የፊቱን ቀለበት ፍቱ። በሱፐር ግሉ ተጣብቆ እንቢ ካለ፣ በፀጉር ማድረቂያ ሁለት ደቂቃ ያህል አሙቁትና በጨርቅ ይዛችሁ አዙሩት። ሙቀት ማጣበቂያውን ያላላዋል። ክብሪት ወይም ላይተር አትጠቀሙ። ቻርጅ የሚደረግ ዓይነት ከሆነና ድንጋዩ የማይወጣ ከሆነ ደግሞ በፍጹም አታሙቁት። ውስጡ ያለው ሊቲየም ነው፤ ሙቀት አይወድም።

መስታወቱ ከወጣ በኋላ ቁሱን ለዩ። ሁላችንም «መስታወት» እንለዋለን እንጂ ርካሾቹ ላይ ያለው ብዙውን ጊዜ ፕላስቲክ ነው። በጥፍራችሁ ምቱት። እውነተኛው መስታወት ጥርት ብሎ ይጮኻል፣ ሲነኩትም ይቀዘቅዛል። ፕላስቲኩ ድምፁ የታፈነ ነው።

ትክክለኛ መስታወት ከሆነ ቀላል ነው። ጥጥ አሴቶን (የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ ውስጥ ያለው ፈሳሽ) ነክራችሁ ጥረጉት፣ ያልቃል።

ፕላስቲክ ከሆነ አሴቶን አታስጠጉት። ይህን ደጋግሜ እናገራለሁ፣ ደጋግሞም ይመጣብኛል። አንዲት ደንበኛዬ ከጥፍር ቀለም ማስለቀቂያዋ ትንሽ ጠብ አድርጋ ጠረገችው። ጉሙ ለቀቀ፣ ደስ አላት። ወዲያው ግን ፕላስቲኩ እንደ ሸረሪት ድር ተሰነጣጠቀ። እኔ ጋ ስታመጣው ሊድን የሚችል ነገር አልነበረውም። አሴቶን አንዳንዱን ፕላስቲክ ያሟሟዋል፣ ሌላውን ይሰነጥቀዋል። ቤንዚንና ቲነርም እንዲሁ ናቸው።

ለፕላስቲኩ የጥርስ ሳሙና ይበቃል። መጀመሪያ በውሃና በሳሙና እጠቡት። አቧራው ካልወጣ ራሱ ይጭራል። ከዚያ የምስር ፍሬ የምታክል ነጭ የጥርስ ሳሙና አሮጌ የጥጥ ካናቴራ ላይ አድርጉና ክብ ክብ እያላችሁ ሦስት ደቂቃ አሹት። ኃይል አይፈልግም። ስትጀምሩ ጨርቁ እንደ መሻከር ይላል። ጉሙ ሲለቅ መንሸራተት ይጀምራል፤ ልዩነቱን ጣታችሁ ያውቀዋል። አጥባችሁ ብርሃን ላይ እዩት። ካልጠራ ድገሙት። እስከ አራት ጊዜ ደግሜ ያዳንኩት አለ። ብርጭቆ ወረቀት ግን አይሆንም፤ በጣም የላመውም ቢሆን ከጉሙ የባሰ ጭረት ጥሎ ይሄዳል።

አሁን ዋናው ማስጠንቀቂያ። ጉሙ አምፖሉን የከበበው ብርማ ጎድጓዳ ላይም አርፎ ታዩ ይሆናል። አትንኩት። በጥጥም፣ በጣትም፣ በምንም። ያ ብርማ ነገር ፕላስቲክ ላይ የተቀባ እጅግ ስስ የአሉሚኒየም ሽፋን ነው፣ ከነጉሙ ተጠርጎ ይሄዳል። አንድ ወጣት በጆሮ ማጽጃ ጥጥ አሳምሮ ጠርጎ አምጥቶልኛል። ጥጡ ጥቁር ሆኗል፣ ጎድጓዳው ደግሞ ግራጫ ፕላስቲክ ሆኖ ቀርቷል። ጉም ካለበት እንዳለ ተዉት። አቧራ ብቻ ከሆነ እፍ በሉት። አምፖሉ ላይ ያለው ቢጫ ጉብታም ለስላሳ ከሆነ አይነካም።

መልሳችሁ ስታጣብቁ በሱፐር ግሉ አታድርጉት። ካልሆነ በወሩ እዚያው ናችሁ። ሁለት ቱቦ ሆኖ የሚሸጠውን፣ ተቀላቅሎ የሚደርቀውን ማጣበቂያ ግዙ። በስቴኪኒ ጫፍ ሦስት ቦታ ነካ ነካ አድርጉ፣ ይበቃል። ዙሪያውን መቀባት አያስፈልግም። መስታወቱን በዳሩ ያዙት፣ ውስጡን በጣት አትንኩ። ሱፐር ግሉ ብቻ ካላችሁ ግን አንዲት ጠብታ አድርጉና ድንጋይ የሚገባበትን ክዳን ከፍታችሁ አሳድሩት፣ ትነቱ መውጫ እንዲያገኝ።

መስታወቱ ከውጭ ተጭሯል

ቁልፍ ነው የሚጭረው። አሠራሩ ያው ነው፣ የጥርስ ሳሙናው። ጥፍር የሚይዝ ጥልቅ ጭረት አይጠፋም፤ ብርሃኑንም ያን ያህል አይጎዳም፣ ስለዚህ ተዉት።

ውስጡ የውሃ ጤዛ ከሆነ ደግሞ ከልብስ ጋር ታጥቧል ማለት ነው። ፍቱና ጥላ ቦታ ክፍት አድርጋችሁ አሳድሩት።

አካሉ ላይ ጭረት፣ ልጣጭ፣ ነጠብጣብ

ጭረት ከማለታችሁ በፊት ላጲስ ሞክሩ። የነሐስ ቁልፍ ጠንካራ ቀለም ላይ ሲፋቅ የራሱን ብረት ይተዋል። ቢጫ ወይም ግራጫ መስመር ይሆናል፣ ጭረት ይመስላል። በላጲስ ስታሹት ይጠፋል። ይህን ሳያውቅ ባትሪውን ሙሉ በሙሉ ፍቆ ቀለም የቀባ ሰው አይቻለሁ።

በጥፍር ስትነኩት እንደ ቅርፊት የሚነሳ ከሆነ ተራ ቀለም ነው። የተላጠውን አንሱና ባዶውን ቦታ በጥፍር ቀለም ንኩት። የማይላጥ ግን ተጭሮ ብረቱ ብልጭ የሚል ከሆነ፣ ቀለሙ ከአሉሚኒየሙ ጋር አንድ ሆኖ የተሠራ ነው። ጥቁሩን በማይለቅ ማርከር መሸፈን ይቻላል። በረኪና ውስጥ አትዘፍዝፉት! ለማጽዳት ብላችሁ ከዘፈዘፋችሁት ቀለሙ ነጣ፣ ተዥጎረጎረ ማለት ነው፤ አይመለስም።

ላስቲክ ለበስ የሆነው አካል በጊዜ ብዛት ሙጫ ሙጫ ይላል፣ የኪስ ቆሻሻም ይሰበስባል። በአልኮል በተነከረ ጨርቅ ጠንካራው ፕላስቲክ እስኪወጣ አሹት። መስታወቱን ግን አልኮሉ አይንካው።

ክዳኑ ጥርስ ላይ ነጭ ዱቄት

ይህ የመልክ ጉዳይ ይመስላል፣ አይደለም። ድንጋዩ አፍስሷል። ድንጋዩ አልካላይን የሚል ጽሑፍ ያለበት ከሆነ ሎሚ በነካ ጥጥ ጥረጉት፣ ቀጥሎ በውሃ በረጠበ ጥጥ፣ ከዚያ በደንብ አድርቁት። አልካላይን ያልሆነው ርካሽ ድንጋይ ካፈሰሰ ሎሚ አይሁን፣ ፍሳሹ ራሱ አሲድ ነው። ቤኪንግ ሶዳ በትንሽ ውሃ በጥብጣችሁ ተጠቀሙ። ዓይናችሁን አትንኩ፣ እጃችሁንም ታጠቡ። የክዳኑን ጎሚኒ ስስ የሲሊኮን ግሪስ ቅቡት። ቫዝሊን ጎማውን ሊያሳብጠው ይችላል። ባትሪውን ለወራት የማትጠቀሙበት ከሆነ ድንጋዩን አውጥታችሁ አስቀምጡ።

ብርሃኑ መሃሉ ሰማያዊ፣ ዳሩ ቢጫ

ብልሽት አይደለም። ነጭ የሚመስለው አምፖል ውስጡ ሰማያዊ ነው፣ ላዩ ላይ ቢጫ ዱቄት ተቀብቶ ነው ነጭ የሚሆነው። ርካሹ ላይ ቅቡ እኩል አይሆንም። አምፖሉ ወደ ጎን ዘንበል ማለቱም የፋብሪካ ግዴለሽነት ነው፤ የሚበራን ነገር ለማቅናት ብላችሁ አትነቅንቁት።

ቀለበቱ ዝጓል

ላዩ ብርማ ቅብ፣ ውስጡ ተራ ብረት ስለሆነ ነው። አትጥረጉት፣ ቀይሩት። የዛገ ቀለበት አንድ ቀን ተከፍቶ ቁልፋችሁን መንገድ ላይ ይጥላል።

ጎኑ ተከፍቷል ወይም ሽፋኑ ተሰንጥቋል

ቻርጅ የሚደረገው ጎኑ በራሱ ከተከፈተ ውስጡ ያለው ድንጋይ አብጦ ሊሆን ይችላል። ጨምቃችሁ አታጣብቁ። ቻርጅ ማድረግ አቁሙ፣ ቤት ውስጥም አታሳድሩት።

ጠፍጣፋ የሳንቲም ቅርጽ ድንጋይ የሚገባበት ዓይነት ሽፋኑ ከላላ ወይም ከተሰነጠቀ፣ ከሁሉም በላይ የምፈራው እሱን ነው። ልጅ በቁልፍ መጫወት ይወዳል። ድንጋዩ ወጥቶ ልጅ ከዋጠው፣ ጉሮሮ ላይ ተሰክቶ በሁለት ሰዓት ውስጥ ሥጋውን ያቃጥላል። በፕላስተር ሸፍናችሁ አትለፉት። ሽፋኑ በብሎን የሚታሰር ባትሪ ግዙ፣ አሮጌውን ድንጋዩን አውጥታችሁ አስወግዱት። ልጁ ውጦ ይሆናል ብላችሁ ከጠረጠራችሁ ሳታስመልሱት፣ ምልክት ሳትጠብቁ፣ ቀጥታ ራጅ ወዳለበት ሆስፒታል ይዛችሁት ሂዱ።