የእንፋሎት ጉድጓድ ፍሰት ሲቀንስ፦ ምልክቱ፣ መንስኤው፣ መፍትሄው

ከምድር ውስጥ ሙቅ ውኃና እንፋሎት የሚያወጣው ጉድጓዳችሁ ፍሰቱ ሲቀንስ የግፊት መለኪያውንና ቫልቮቹን እንደፈተሻችሁ እቆጥራለሁ። ፍሰቱ አሁንም ከወር ወር የሚወርድ ከሆነ በተለያየ የጉድጓድ አፍ ግፊት ለኩትና ከቀድሞው ልኬት ጋር አስተያዩት። ቫልቩ በሰፊው ሲከፈት ፍሰቱ በጣም ቀንሶ፣ ሲዘጋ የሚደረስበት ግፊት ግን ካልተለወጠ፣ የጠበበው ቱቦው ነው። ሁለቱም አብረው ከወረዱ የደከመው የከርሰ ምድሩ ክምችት ነው፤ ቱቦ መጥረግ ገንዘብ ማባከን ይሆናል።

ቱቦውን ሲያጠብ ደጋግሜ ያገኘሁት ካልሳይት፣ ማለትም የኖራ ድንጋይ ማዕድን ነው። ውኃው ወደ ላይ ሲወጣ ግፊቱ ቀንሶ አንድ ጥልቀት ላይ መፍላት ይጀምራል። ያን ጊዜ ጋዙ ክዳኑ እንደተከፈተ የአምቦ ውኃ ያመልጣል፤ ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ሲወጣ ፒኤቹ ከፍ ይልና፣ ማለትም አሲድነቱ ይቀንስና፣ ካልሲየም ካርቦኔቱ ብረቱ ላይ ይጋገራል። ቅርፊቱ የሚወፍረው ከመፍያው ጥልቀት ጥቂት ከፍ ብሎ ነው። ቦታውን ለማግኘት በሽቦ የሚወርድ የስፋት መለኪያ ላኩ፤ ከትንሹ ጀምሩ! ትልቁን አስቀድመው ልከው ሽቦ በጥሰው የቀሩ አሉ።

በመሰርሰሪያ መጥረግ ወይም በሃይድሮክሎሪክ አሲድ ማሟሟት ይቻላል። ብረት የሚጠብቅ ኬሚካል ሳይቀላቀልበት አሲድ ማፍሰስ ግን ቱቦውን መብላት ነው። ደግሞም የተጠረገው ይመለሳል፤ ቱርክ ውስጥ ኪዝልደሬ በተባለው የእንፋሎት ኃይል መስክ ጉድጓዶቹ በየጊዜው ይጠረጉ ነበር።

የሚያዛልቀው በቀጭን ቱቦ የሚወርድ መከላከያ ኬሚካል ነው፤ ያውም ከመፍያው ጥልቀት በታች። አንድ ጣቢያ ኬሚካሉ አይሠራም ተብሎ አቅራቢው ሁለት ጊዜ ተቀየረ። ቀጭኑ ቱቦ ሲወጣ ጫፉ በነጭ ቅርፊት ተሸፍኗል። የክምችቱ ግፊት ከዓመት ዓመት ስለወረደ ውኃው የሚፈላው ከቱቦው ጫፍ በታች ሆኗል፤ እነርሱ ግን የሚሠሩት በመጀመሪያው ዓመት ልኬት ነበር። ቱቦውን ሲያስረዝሙት ያው ኬሚካል ሠራ።

ኬሚካሉን ለሚያወርደው ሥራ ርካሽ ፓምፕ አትግዙ፤ መጠባበቂያም ይኑር። መብራት ሲጠፋ ኬሚካሉ በጋለው ቀጭን ቱቦ ውስጥ ቆሞ ይጋገራል፤ ፓምፑ እንደቆመ በንጹሕ ውኃ እጠቡት። ኬሚካሉን ካልሲየም ባለበት የጉድጓድ ውኃ ማቅጠን ደግሞ ራሱን ኬሚካሉን ዝቃጭ ያደርገዋል።

ቅርፊቱ ያለው እንፋሎቱን ከውኃው ከሚለየው ከሴፓሬተሩ በኋላ ባለው መስመር ከሆነና አሲድ ሲነካው አረፋ ካላወጣ ሲሊካ (አሸዋና ብርጭቆ የሚሠሩበት ማዕድን) ነው፤ ውኃው ሳይቀዘቅዝ ወደ ምድር ይመለስ፣ ወይም ፒኤቹ ዝቅ ይደረግ። ጥቁርና ከባድ ከሆነ የብረታ ብረት ሰልፋይድ (የብረታ ብረትና የድኝ ውህድ) ሊሆን ስለሚችል አቧራውን ሳትተነፍሱ ወደ ላቦራቶሪ ላኩት።

መስመር ስትከፍቱ የሃይድሮጂን ሰልፋይድ፣ የበሰበሰ እንቁላል የሚሸተው መርዛማ ጋዝ፣ መለኪያ ይኑራችሁ። መጠኑ ሲበዛ አፍንጫ ሽታውን ማወቅ ያቆማል።