የሞዴል እንፋሎት ባቡራችሁ ድምፅ ለምን አያምርም? ችግርና መፍትሄ

የእንፋሎት ባቡር ያለ ድምፅ ግማሽ ነው። ሐዲዱ ላይ ዝም ብሎ ሲንሸራተት አሻንጉሊት ይመስላል። እየተነፈሰ ሲነሳ ግን ያቺ መዳፍ የምታክል ነገር ቶን የምትመዝን ትሆናለች።

ድምፁ ሲበላሽ ሁላችንም መጀመሪያ የምንጠረጥረው ዲኮደሩን ነው። ዲኮደር ማለት ከሐዲዱ ትእዛዝ ተቀብሎ ሞተሩን፣ መብራቱንና ድምፁን የሚመራው ትንሽ ሰርኪት ነው። እኔም ጠርጥሬው ደህናውን አውጥቼ አዲስ ገዝቼ አውቃለሁ። ችግሩ ግን አልጠፋም። ብዙ ጊዜ ጥፋቱ ያለው ስፒከሩ የተቀመጠበት ቦታ ላይ ወይም የቆሸሸ መንኮራኩር ላይ ነው። ስለዚህ ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት እነዚህን ፈትሹ።

ባቡሩ ይሄዳል፣ ድምፅ ግን ጭራሽ የለም

ከቀላሉ እንጀምር። ምናልባት ድምፁ ጠፍቶ እንጂ ተበላሽቶ አይደለም። ሎክሳውንድ ከሚባሉት ዲኮደሮች ብዙዎቹ ድምፅ የሚያሰሙት መቆጣጠሪያው ላይ ያለው ኤፍ1 የሚባል ቁልፍ ሲጫን ነው። በሌሎች ደግሞ ኤፍ8 ድምፁን ያፍነዋል። ሁለቱንም ሞክሩ። ቀጥሎ የድምፅ መጠኑን እዩ። ቅንብሮቹ የሚቀመጡት ሲቪ በሚባሉ ቁጥሮች ነው፤ የድምፅ መጠኑ ሎክሳውንድ ላይ ሲቪ 63፣ ዚሞ የሚባለው ዲኮደር ላይ ሲቪ 266፣ ሱናሚ የሚባለው ላይ ሲቪ 128 ነው።

አሁንም ዝም ካለ ቴስተር አውጡ። ስፒከሩን ከዲኮደሩ ነጥላችሁ ሁለቱን ጫፎች ለኩ። 8 ኦም (ኦም የኤሌክትሪክ ተቃውሞ መለኪያ ነው) የተባለ ስፒከር 7 ወይም 8 አካባቢ ያሳያል። ምንም ካላሳየ ውስጡ ያለው ቀጭን ሽቦ ተበጥሷል፤ ስፒከሩ ይቀየር።

ስፒከር ስትቀይሩ ዲኮደሩ ከሚፈቅደው ኦም በታች እንዳትወርዱ። ሁለት ባለ 8 ኦም ስፒከሮች በፓራለል ከታሰሩ 4 ኦም ይሆናሉ፣ በተከታታይ ከታሰሩ ደግሞ 16። ዲኮደር በእውነት የሚቃጠለው እዚህ ጋ ስትሳሳቱ ነው።

የሐዲዱን ቮልት ከፍና ዝቅ እያደረገ ፍጥነቱን በሚለውጠው በአሮጌው ዲሲ መቆጣጠሪያ የምትነዱ ከሆነ ደግሞ ዝምታው ያለ ነገር ነው። ዲኮደሩ ለመንቃት በቂ ቮልት ይፈልጋል። እጀታውን ትንሽ ብቻ ስታዞሩት ድምፁ ገና አልተነሳም።

ድምፁ ቀጭን ነው፣ እንደ ትንኝ

በጣም የተለመደው ቅሬታ ይህ ነው። ፈውሱ ደግሞ በጣም ርካሽ ነው።

የስፒከሩ የሚርገበገብ ስስ ሽፋን ወደ ፊት ሲገፋ ከፊቱ ያለው አየር ይጨመቃል፣ ከኋላው ያለው ይሳሳል። ስፒከሩ እርቃኑን ከተቀመጠ የፊቱና የኋላው አየር በጠርዙ ዞረው ይገናኙና ይጠፋፋሉ። በብዛት የሚጠፋው ወፍራሙ ድምፅ ነው። የእንፋሎት ባቡር ግርማ ያለው ደግሞ እዚያ ውስጥ ነው።

ማመን ካቃታችሁ ይህን ሞክሩ። ስፒከሩን ሳትገጥሙት በጣቶቻችሁ መሃል ያዙና ድምፁን ክፈቱ። ከዚያ ሽፋኑን ሳትነኩ ከኋላው በመዳፋችሁ ዝጉት። ያ ሲጢጥ የሚል ነገር ድንገት ደረት ያወጣል።

መፍትሄው ከኋላው የታሸገ ሳጥን ነው። 1 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው ፕላስቲክ ቆርጣችሁ በማጣበቂያ ግጠሙት። ሽቦው የሚወጣበትን ቀዳዳ በሲሊኮን ድፈኑ። ድምፁ ክፍት ሆኖ መጋጠሚያዎቹ ላይ ጣታችሁን አሳልፉ። ቃናው ከተለወጠ እዚያ ጋ አየር ያልፋል። እኔ ሳጥኑ ተዘግቷል ብዬ ትቼው የነበረ አንድ ባቡር ላይ መርፌ የምታክል ቀዳዳ አግኝቼ ስደፍናት ሌላ ባቡር ሆነ።

ሳጥኑ ቦታው እስከፈቀደ ትልቅ ይሁን። ምርጡ ቦታ ከኋላ የሚጎተተው የከሰልና የውሃ ፉርጎ ነው። ፉርጎ የሌለው ትንሽ ባቡር ከሆነ 11 በ15 ሚሊሜትር የሆነው ስኳር ኩብ የሚባለው ስፒከር ቦይለሩ ውስጥ ይገባል። ለስፒከር ብላችሁ ክብደት የሚሰጠውን ብረት ሁሉ እንዳታወጡ ብቻ፤ ድምፁ ያምርና ባቡሩ መጎተት ያቅተዋል።

ሁለት ስፒከር ከገጠማችሁ በኋላ ድምፁ ጭራሽ ከቀነሰ አንዱን ገልብጣችሁ አስራችኋል። ፕላስና ማይነሱን አስተካክሉ።

ድምፁ ይቆረጥና እንደገና ከመጀመሪያው ይነሳል

ቆሻሻ ነው። ሞተሩ ለቅጽበት ኤሌክትሪክ ቢያጣ በግፊቱ ያልፈዋል፤ ድምፁ ግን አያልፈውም። ሐዲዱን በአይሶፕሮፒል አልኮል በራሰ ጨርቅ ጥረጉ። መንኮራኩሮቹን በጆሮ ማጽጃ ጥጥ። ከመንኮራኩሩ ጀርባ ኤሌክትሪክ የሚሰበስቡትን ስስ መዳቦች አትርሱ። ብርጭቆ ወረቀት በጭራሽ አትጠቀሙ፤ ጭረቱ ቆሻሻ ይይዛል።

ከዚያ በኋላም የሐዲድ መገንጠያ ላይ ከተቆረጠ ዲኮደሩ ላይ ካፓሲተር፣ ማለትም ኤሌክትሪክ ለቅጽበት አጠራቅሞ የሚያቆይ ዕቃ፣ ጨምሩ። ካፓሲተሩ ግን ሲቪ ማንበብን ሊያስቸግር ይችላል። ሲቪ በሚነበብበትና በሚለወጥበት ማቀናበሪያ ሐዲድ ላይ ዲኮደሩ አልመልስ ካለ ለጊዜው ካፓሲተሩን ንቀሉት።

ፉጨት ሲነፋ ይንቀጠቀጣል

ድምፁ በዝቷል። ግማሽ ድረስ ቀንሱት። ካልቀረ የባቡሩን ገላ በጣታችሁ ጫን ጫን አድርጉ፤ ሲጫኑት ዝም የሚል ቦታ ካለ የላላው ነገር እዚያ ነው፣ ብዙ ጊዜ ሽቦ። በናስትሮ እሰሩት።

ትንፋሹና መንኮራኩሩ አይገናኙም

ለእኔ ከሁሉ የሚበልጠው ይህ ነው። ድምፁ የቱንም ያህል ጥሩ ቢሆን ከመንኮራኩሩ ጋር ካልተገናኘ ዓይን ወዲያው ይነቃበታል።

ትንፋሽ የምንለው ከሲሊንደሩ ሥራውን ጨርሶ በጭስ ማውጫው የሚወጣው እንፋሎት ነው። ፒስተኑ በሁለቱም አቅጣጫ ስለሚገፋ አንድ ሲሊንደር በአንድ ዙር ሁለት ጊዜ ይተነፍሳል። ስለዚህ ባለ ሁለት ሲሊንደር ባቡር መንኮራኩሩ አንዴ ሲዞር አራት ምት ያሰማል። ባለ ሦስት ሲሊንደሩ ስድስት። እንግሊዝ አገር በ1923 (እ.ኤ.አ.) የተሠራው ፍላይንግ ስኮትስማን ባለ ሦስት ነው። የአሜሪካው ቢግ ቦይ ደግሞ በጠቅላላው አራት ሲሊንደርና ሁለት የመንኮራኩር ቡድን ያለው ነው፤ የሁለቱ ቡድኖች ምት አንዴ ይገጥማል፣ አንዴ ይለያያል።

ልኬቱ እንዲህ ነው። አንዱ መንኮራኩር ላይ ነጭ ነጥብ ቀቡ። ባቡሩን በጣም በዝግታ ንዱት። ነጥቡ ከላይ ተነስቶ ላይ እስኪመለስ ምቱን ቁጠሩ። አንድ ዙር አያስተማምንም፤ አምስት ዙር ቁጠሩ። ባለ ሁለት ሲሊንደር ከሆነ 20 መምጣት አለበት። ካልመጣ ሎክሳውንድ ላይ ሲቪ 57ን እና ሲቪ 58ን፣ ዚሞ ላይ ሲቪ 267ን በትንሽ በትንሹ እየለወጣችሁ እንደገና ቁጠሩ። ሞተሩ ሲሞቅ ጠባዩ ስለሚለወጥ ከመለካታችሁ በፊት አሥር ደቂቃ ይሩጥ።

ፍጥነት ላይ አትጨነቁ። የፍላይንግ ስኮትስማን መንኮራኩር ከዳር እስከ ዳር 2.03 ሜትር ነው። በሰዓት 100 ኪሎሜትር ሲሮጥ በሴኮንድ ከአራት ጊዜ በላይ ይዞራል፤ ወደ 26 ምት ማለት ነው። ያንን ማንም አይቆጥረውም። ጆሮ የሚፈርደው ሲነሳና ሲቆም ነው።

በቁጥር ብቻ አልስተካከል ካለ ባለ ሁለት ሲሊንደሩ መንኮራኩር ላይ አራት ጥቃቅን ማግኔቶች ለጥፋችሁ ሴንሰር ግጠሙለት። ሥራው አድካሚ ነው፣ ግን ምቱ ከዚያ በኋላ አይስትም።

ድምፁ ጥሩ ነው፣ የባቡሩ ግን አይደለም

የእንግሊዝ ባቡር ላይ የአሜሪካ ፉጨት ሲነፋ የሚያውቅ ሰው ይረበሻል። የድምፅ ፋይሉን ስትመርጡ የሲሊንደሩን ብዛትና የፉጨቱን ዓይነት አስቀድሙ። ከለገሃር ተነስቶ ጂቡቲ ይደርስ የነበረውን የድሮ መስመር በ1፡87፣ ማለትም ከእውነተኛው 87 ጊዜ አሳንሳችሁ፣ ልትሠሩ ያሰባችሁ ካላችሁ፣ ስፋቱ አንድ ሜትር የሆነ ሐዲድ ስለሆነ 12 ሚሊሜትር ስፋት ያለውን የሞዴል ሐዲድ ትጠቀማላችሁ። ለድምፁ ግን የትልልቅ አሜሪካ ባቡሮችን ፋይል ተዉ። መጠኑ የሚቀርብ፣ ለጠባብ ሐዲድ የተሠራ ባቡር ቀረጻ ፈልጉ።

ዳገትም ቁልቁለትም አንድ ዓይነት ነው

እውነተኛ ባቡር ጭነት ሲበዛበት ያጓራል፤ ነጂው እንፋሎቱን ሲዘጋ ትንፋሹ ይጠፋና የብረቱ ኳኳታ ብቻ ይቀራል። የእናንተ ባቡር ይህን ለማድረግ ጊዜ ያስፈልገዋል። ባቡሩ ቀስ ብሎ እንዲፈጥን የሚያደርገው ሲቪ 3 እና ቀስ ብሎ እንዲቆም የሚያደርገው ሲቪ 4 ትንሽ ቁጥር ላይ ከሆኑ ባቡሩ እጀታውን ወዲያው ይታዘዛል፤ ድምፁ ለማጓራትም ለማረፍም ፋታ አያገኝም። ሁለቱንም ከፍ አድርጉ። ያኔ ድምፁ ይቀድምና ባቡሩ ይከተላል።

ከዚያ ለቁልቁለት አንድ ቁልፍ መድቡ፤ ብዙዎቹ አዳዲስ ዲኮደሮች ይህን ይፈቅዳሉ። ከአስመራ እስከ ምጽዋ ያለውን 118 ኪሎሜትር አስቡት። ባቡሩ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ተነስቶ ባሕር ይወርዳል። በዚያ መንገድ ላይ የሚሰማው ፍሬንና የዘንጉ ኳኳታ ነው። ሞዴላችሁ ላይ ቁልፏን ተጭናችሁ ትንፋሹን አጥፉትና ኩርባው ላይ ብረቱን ብቻ ስሙት።