ኮሰረት በጓሮ

ብዙ ሰው ኮሰረትን የሚያውቀው ደርቆ፣ ገበያ ላይ ነው። ተክሉ ግን ከሰው ቁመት ሊበልጥ የሚችል ቁጥቋጦ ነው፤ አበባውም ደቃቅ ነው። ቅጠሉን በጣታችሁ ስታሹት ሽታው እጃችሁ ላይ ይቀራል።

ዘር ፍለጋ አትልፉ። እኔ የምተክለው በቁራጭ ነው። ክረምት ሲገባ እርሳስ የሚያህል፣ አንድ ስንዝር የሚሆን ግንድ ቁረጡ። የታችኛውን ቅጠል አራግፉና ግማሹን አፈር ውስጥ ቅበሩት። ውሃ የሚያቁር ቦታ አይሆነውም። ሲያድግ ጫፍ ጫፉን ቅንጠሱለት፤ በጎን በጎኑ ያቆጠቁጣል።

ቅጠሉን ጥላ ውስጥ አድርቁት፤ ፀሐይ ሽታውን ይወስደዋል። ቅቤ ስታነጥሩ ከኮረሪማና ከበሶብላ ጋር ጨምሩት። የክትፎ ቅቤ ያለ ኮሰረት ለእኔ ቅቤ አይደለም። ግን እጃችሁን ሰብሰብ አድርጉ፤ ሲበዛ ሌላውን ቅመም ይውጠዋል።