ለመሠረታዊ ፊዚክስ ከፍተኛ ሒሳብን እንዴት ማጥናት ይገባል?

በጅማ ዩኒቨርሲቲ ፊዚክስ የሚያጠኑና መሠረታዊ የተፈጥሮ ሕግጋትን ለመመርመር ያሰቡ ተማሪዎች በመጀመሪያ ካልኩለስንና መስመራዊ አልጀብራን አጥብቀው ይያዙ፤ ከዚያም ወደ ግሩፕ ቲዎሪ፣ ማለትም ወደ ሲሜትሪ ሒሳብ፣ ይሻገሩ።

ረጅሙን ጊዜ ግን የሒሳብ ሊቋ ኤሚ ኔተር እ.ኤ.አ. በ1918 ላሳተመችው ቴዎረም ይስጡ፤ በእኔ እምነት ከዚህ የተሻለ መግቢያ የለም። ቴዎረሙ ቀመሩን የማይለውጥ እያንዳንዱ ቀጣይ ሽግሽግ (ሲሜትሪ) ሳይለወጥ የሚኖር መጠን እንደሚያስገኝ ያሳያል። ምንም ኃይል የማያርፍበትን ቅንጣት ላግራንዢያን (የእንቅስቃሴ ሕጉ የሚወጣበትን ቀመር)፣ እዚህ ላይ የመጠነ ቁሱንና የፍጥነቱን ካሬ ብዜት ግማሽ፣ ወረቀት ላይ ይጻፉ። ቅንጣቱን በቋሚ ርቀት ቢያሸጋሽጉት ቀመሩ አይለወጥም፣ ቦታው በውስጡ የለምና። ሞመንተም (የመጠነ ቁስና የፍጥነት ብዜት) ሳይለወጥ የሚኖረው ከዚሁ የተነሣ መሆኑን በጥቂት መስመር ማረጋገጥ ይቻላል፤ ሕጉ በጅማም በአጋሮም አንድ መሆኑ ራሱ ሊለካ የሚችል ውጤት አለው ማለት ነው።

ቀጥሎ የፊዚክስ ሊቁ ፖል ዲራክ እ.ኤ.አ. በ1928 ለኤሌክትሮን ያወጣውን እኩልታ ያጥኑ። አሉታዊ ኢነርጂ ያላቸው መፍትሔዎች ሲወጡ ዲራክ ችላ ባለማለቱ የፀረ ኤሌክትሮን ሐሳብ ተወለደ፤ የፊዚክስ ሊቁ ካርል አንደርሰንም እ.ኤ.አ. በ1932 ይህንኑ ፀረ ኤሌክትሮን፣ ማለትም ፖዚትሮንን፣ ከጠፈር በሚመጣው ኮስሚክ ጨረር ውስጥ አገኘው።

ሆኖም የሒሳብ ውበት ብቻውን ማስረጃ አይሆንም፤ መሠረታዊ ቅንጣቶችን እንደ ጥቃቅን ክሮች የሚያየው ስትሪንግ ቲዎሪ ለሒሳብ ብዙ ቢያበረክትም በሙከራ ገና አልተረጋገጠም። ስለዚህ አዲስ ቀመር ባነበቡ ቁጥር በምን ዓይነት ልኬት ሊፈተን እንደሚችል ከጎኑ ይጻፉ።