ቡናማ ስብ «አልሞቅም» ሲል፦ የልኬት ችግሮችና መፍትሄያቸው

መጀመሪያ አንድ የቃል ጉዳይ እናጥራ። በአማርኛ «ሙቀት» ስንል ሁለት ነገር አንድ ላይ እንጠራለን። ነርሷ «ሙቀትሽን ልለካሽ» ስትል ዲግሪ ማለቷ ነው። ምጣድ ሥር ያለው እሳት የሚሰጠው ሙቀት ግን ጉልበት ነው፤ በጁል ወይም በዋት ይለካል። የሚነድ ክብሪት ጫፍ ዲግሪው ከአንድ በርሜል ለብ ያለ ውሃ ይበልጣል። ገላ ለመታጠብ ግን በርሜሉን ትመርጣላችሁ። ስለ ስብ ሙቀት ልኬት ግራ የሚያጋባን ነገር ብዙውን ጊዜ ከዚህ ነው የሚጀምረው፤ ስለዚህ እዚህ «ዲግሪ» እና «የሙቀት ምርት» እያልኩ እለያቸዋለሁ።

ነጭ ስብ ጉልበት ያከማቻል፤ ቡናማው ያቃጥላል። አራስ ልጅ ሳይንቀጠቀጥ ብርድ የሚቋቋመው በእሱ ነው። ሥራውን የሚሠራው ዩሲፒ-1 የሚባል ፕሮቲን ነው። የሴሉ ጉልበት ማመንጫ የሆነው ሚቶኮንድሪያ ኤቲፒ (ሴሉ ለሥራው የሚያወጣውን ጉልበት የያዘ ኬሚካል) ለመሥራት ፕሮቶን ከሽፋኑ ማዶ ገፍቶ ያጠራቅማል፤ ዩሲፒ-1 ደግሞ ፕሮቶኑን በአቋራጭ መልሶ ያስገባዋል። ኤቲፒ አይሠራም፤ ጉልበቱ ሙቀት ሆኖ ይወጣል። በዚህ መሃል ኦክስጅን በብዛት ስለሚበላ፣ አብዛኞቻችን የምንለካው ሙቀቱን ሳይሆን ኦክስጅኑን ነው።

ኖርአድሬናሊን ጨመርን፣ ሴሎቹ ዝም አሉ

ኖርአድሬናሊን ነርቭ ቡናማ ስብን የሚቀሰቅስበት ኬሚካል ነው። ከሁሉ በላይ የሚያጋጥመው ይህ ዝምታ ነው። ቶሎ ብላችሁ «ስቡ አይሠራም» አትበሉ። ሦስት ነገሮችን በተራ ፈትሹ።

አንደኛ፣ ሴሎቹ በሕይወት አሉ? ኤፍሲሲፒ ጨምሩ። ይህ ኬሚካል ራሱ ፕሮቶን ስለሚያሾልክ ዩሲፒ-1 አያስፈልገውም። በእሱም ኦክስጅን ፍጆታው ካልጨመረ ሴሎቹ ሞተዋል ወይም ፈንድተዋል። እኔ ሥራውን ስጀምር ሳምንታት የፈጀብኝ ይኼ ነበር። ከአይጥ ትከሻ መሃል ያወጣነውን ስብ ኮላጅኔዝ በሚባል ኢንዛይም ፈትተን ቱቦ ውስጥ ስናሳርፈው፣ የበሰሉት የስብ ሴሎች እንደ ወተት ቅባት ከላይ ይንሳፈፋሉ። ያቺን ስስ ሽፋን በቀጭን የብርጭቆ ፒፔት እየሳብኩ አነሳ ነበር። የስብ ሴል ብርጭቆ ላይ ይፈነዳል። ምልክቱም ፊት ለፊቴ ነበር፦ ውሃው ላይ የሚያብረቀርቁ የዘይት ነጠብጣቦች። አፉ ሰፋ ያለ የፕላስቲክ ፒፔት ስይዝ፣ ሴንትሪፊዩጁንም ቀስ ሳደርግ ነገሩ ተስተካከለ። ዘይት ካያችሁ ያንን ናሙና ተዉት፤ ቁጥሩ አይታመንም።

ሁለተኛ፣ መድኃኒቱ ደህና ነው? ኖርአድሬናሊን በብርሃንና በአየር ይበላሻል። ብጥብጡ ወደ ሮዝ ወይም ቡናማ ከዞረ ጣሉት። በየዕለቱ አዲስ በጥብጡ፣ ከብርሃን ጋርዱ፣ ትንሽ አስኮርቢክ አሲድ ጨምሩበት።

ሦስተኛ፣ መልእክቱ የት ተቆረጠ? ፎርስኮሊን ሞክሩ። ይህ ኬሚካል ተቀባዩን (ኖርአድሬናሊን የሚያርፍበትን የሴሉን ፕሮቲን) ዘልሎ፣ መልእክቱን ሴሉ ውስጥ የሚያደርሰውን ሳይክሊክ ኤኤምፒን በቀጥታ ከፍ ያደርጋል። ፎርስኮሊን ሠርቶ ኖርአድሬናሊን ካልሠራ፣ ችግሩ ተቀባዩ ወይም መድኃኒቱ ጋ ነው። ሁለቱም ካልሠሩና ኤፍሲሲፒ ብቻ ከሠራ ግን ሴሉ አልበሰለም፣ ዩሲፒ-1ም አልያዘም ማለት ሊሆን ይችላል። ያኔ ወደ ፕሮቲን ምርመራ ሂዱ።

ዩሲፒ-1 የሌላቸው ሴሎችም «ሞቁ»

ይህ ከመጀመሪያው የባሰ ነው፣ ምክንያቱም ጥሩ ውጤት መስሎ ይታያል። መስመሩ ሽቅብ ይወጣል፣ ደስ ይላል፤ ከደቂቃዎች በኋላ ቁልቁል ይወድቃል።

ጥፋተኛው የተለቀቀ የስብ አሲድ ነው። ኖርአድሬናሊን የስብ ጠብታውን ያስፈታል። በሰውነት ውስጥ ደም ያጥበዋል፤ የመለኪያው ሳህን (ፕሌት) ውስጥ ግን መሄጃ የለውም። ሲጠራቀም እንደ ሳሙና የሴሉን ሽፋን ይጎዳል። በተጨማሪም ፕሮቶን ራሱ ያሾልካል። ስለዚህ ኦክስጅኑ የጨመረው በዩሲፒ-1 ነው ወይስ በስብ አሲዱ፣ መለየት አትችሉም።

መፍትሄው አልቡሚን የሚባለው የደም ፕሮቲን ነው፤ ከስብ አሲድ የጸዳውን ዓይነት ምረጡ። ከ1 እስከ 2 በመቶ መለኪያው ፈሳሽ ውስጥ ስትጨምሩ ትርፉን ይይዛል። ነገር ግን አልቡሚን ኤፍሲሲፒንም ይይዛል! በድሮው መጠን ከቀጠላችሁ በኤፍሲሲፒ የምትለኩት የሴሉ «ከፍተኛው አቅም» ዝቅ ብሎ ይታያችኋል። መጠኑን እንደገና ደረጃ በደረጃ ፈልጉት።

ቅደም ተከተሉም ወሳኝ ነው። መጀመሪያ ኦሊጎማይሲን ስጡ፤ ኤቲፒ መሥሪያውን ይዘጋዋል። ከዚያ ማነቃቂያውን። አሁን የሚጨምረው ኦክስጅን ለኤቲፒ ሥራ የሚውል ሊሆን አይችልም። ዩሲፒ-1 የሌለው ሴል በዚህ ሁሉ ውስጥ ጎን ለጎን መሮጥ አለበት። ያለ እሱ የተለካ ግራፍ እኔ አላምንም።

መስመሩ በድንገት ዜሮ ላይ ተጋደመ

ኦክስጅኑ አለቀ። አየር የጠገበ ፈሳሽ በ37 ዲግሪ በሊትር 200 ማይክሮሞል ገደማ ብቻ ነው የሚይዘው። የነቃ ቡናማ ሴል ይህን ፈጥኖ ይጨርሳል። የሴሉን ቁጥር ቀንሱ።

ካሎሪሜትሩና ኦክስጅኑ አልተስማሙም

ካሎሪሜትር የሙቀት ምርትን በቀጥታ የሚለካ መሣሪያ ነው፤ ለእኔ ዳኛው እሱ ነው። ኦክስጅንን ብቻ ተጠቅሞ የሚቃጠል ሴል በአንድ ሞል ኦክስጅን 450 ኪሎጁል ገደማ ይሰጣል። ያገኛችሁት ከዚህ በብዙ ከበለጠ ሴሉ ያለ ኦክስጅን ስኳር እየፈታ ላክቴት እያመረተ ሊሆን ይችላል። ላክቴቱን ለኩ።

ላክቴት ከሌለ መርፌውን ጠርጥሩ። መድኃኒት የምናሟሟበት ዲኤምኤስኦ የሚባለው ፈሳሽ ከውሃ ጋር ሲቀላቀል ራሱ ይሞቃል። ሴል የሌለበት ፈሳሽ ውስጥ ያንኑ መጠን ጨምራችሁ የተገኘውን ቀንሱ። መነሻ መስመሩ እስኪረጋም ታገሱ፤ ናሙና ባስገባችሁ በአምስት ደቂቃ ውስጥ የሚነበብ ቁጥር የእጃችሁ ሙቀት ነው።

ማቅለሚያው ሴሉ በ2 ዲግሪ ሞቀ አለ

ማቅለሚያ ያልኩት ሴሉ ውስጥ ገብቶ ዲግሪውን በሚያበራው ብርሃን የሚነግረንን ቀለም ነው። እዚህ ላይ ነው የዲግሪና የዋት ልዩነት የሚመጣው። ሴል ትንሽ ናት፤ በውሃ ተከባለች፤ ያመረተችው ሙቀት ወዲያው ይበተናል። በሙቀት ስርጭት ስሌት አንድ ሴል ከአካባቢዋ የምትበልጠው በዲግሪ መቶ ሺኛ ክፍል አካባቢ ነው። ማቅለሚያዎቹ ግን 1 ዲግሪና ከዚያ በላይ ያሳያሉ። ይህ የመቶ ሺህ እጥፍ ክፍተት ከ2014 ጀምሮ በግልጽ ሲያከራክር ቆይቷል። ማቅለሚያው አሲድነት ሲቀየር፣ የሴሉ የውስጥ ፈሳሽ ሲወፍርም ብርሃኑ ይለወጣል፤ ቡናማ ሴል ሲነቃ ደግሞ እነዚህ ይቀያየራሉ። ዲግሪውን ሳይለውጡ አሲድነቱን ብቻ ለውጣችሁ ሞክሩት።

መድኃኒቱ አይጧን አከሳት፣ ግን በስቡ ነው?

አይጥ ልብስ ሳትለብስ የምትመቸው 30 ዲግሪ አካባቢ ነው። ቤተ ሙከራችን 22 ነው። ለእኛ ደስ የሚል አየር፤ ለእሷ ቀኑን ሙሉ ብርድ። ስለዚህ ቡናማ ስቧ ሳንነካውም እየነደደ ነው። በ2009 የስቶክሆልም ተመራማሪዎች ዩሲፒ-1 የሌላቸው አይጦች በ30 ዲግሪ ገደማ ሲኖሩ እንደሚወፍሩ አሳዩ፤ በተለመደው ቤተ ሙከራ ብርድ ይህ ተሰውሮ ነበር። አይጦቹን ለሳምንታት 30 ዲግሪ አኑሯቸው፣ ከዚያ ኖርአድሬናሊን ወግታችሁ የኦክስጅን ጭማሪውን ለኩ። ማደንዘዣ ካስፈለገ ፔንቶባርቢታል ይሻላል፤ እንደ ሃሎቴን ያሉ በትንፋሽ የሚሰጡት ቡናማ ሴሉን ራሱን ያፍኑታል።

ውጤቱን በክብደት አታካፍሉ። የወፈረች አይጥ ጠቅላላ ፍጆታዋ ከቀጭኗ ሊበልጥ ይችላል፤ በግራም ስታካፍሉት ግን ብዙ ኦክስጅን የማይበላው ነጭ ስብ አካፋዩን ያሳብጠውና «ሰነፍ» አስመስሎ ያወጣታል። በአንድ አይጥ የሚወጣውን ጠቅላላ ፍጆታ አሳዩ፣ ክብደቱን በስታቲስቲክስ አስተካክሉ።

የሙቀት ካሜራም ጀርባዋን ቀይ አድርጎ ካሳያችሁ፣ ያየው የቆዳዋን ዲግሪ ነው። ፀጉሯን ላጩ፣ የደም ፍሰቱንም አስቡ።

የሰው ምስል ላይ ምንም አልታየም

በፔት ስካን (የተወጋ ጨረር አመንጪ ስኳር የት እንደገባ በሚያሳይ ምስል) አዋቂ ሰው የሚሠራ ቡናማ ስብ እንዳለው በ2009 ሦስት ጥናቶች በአንድ መጽሔት፣ በአንድ ቀን እትም አረጋገጡ፤ አንገትና ከአንገት ሥር ያለው አግዳሚ አጥንት (ክላቪክል) አካባቢ። ምርመራ ክፍሉ ሞቅ ያለ ከሆነ ግን ስቡ ይተኛል። ሰውዬውን ሁለት ሰዓት ያህል ሳይንቀጠቀጥ አቀዝቅዙት። ከተንቀጠቀጠ ስኳሩን ጡንቻው ይወስድና ምስሉ ይበላሻል። ኢንሱሊን በደንብ የማይሠራለት ሰው ደግሞ ስቡ እየሞቀም ስኳር ትንሽ ብቻ ሊወስድ ይችላል። በእሱ ላይ ባዶ ምስል ስታዩ «ቡናማ ስብ የለውም» ብላችሁ አትጻፉ፤ «ስኳር አልወሰደም» ብላችሁ ጻፉ።