«ቲቸር፣ ይሄ ነገር እውነት ነው?»፦ በሳይንስና በቴክኖሎጂ ዜና ላይ አስተያየት አሰጣጥ

«ባለሙያ ካልሆንክ በሳይንስ ዜና ላይ አስተያየት አትስጥ» የሚሉ ሰዎች አሉ። እኔ አልስማማም። አስተያየት መስጠት መብት ነው፣ ደስም ይላል። የሚያናድደኝ ርዕሱን ብቻ አይቶ «አለቀ፣ ዓለም ተቀየረ!» የሚለውና እዚያው ከሥሩ «ውሸት ነው፣ የፈረንጅ ማጭበርበሪያ!» ብሎ የሚጽፈው ነው። ሁለቱም አላነበቡም።

የሁለተኛ ደረጃ የፊዚክስ አስተማሪ ነኝ። በዚህ ምክንያት ሰፈር ውስጥ የሳይንስ ዜና ሁሉ እኔ ጋ ይመጣል። የጨረቃውም፣ የኩላሊቱም፣ የባትሪውም። ኩላሊት የኔ ሙያ አይደለም ብል ማን ሊሰማኝ! ስለዚህ የራሴን አሠራር አበጀሁ። ለተማሪዎቼም የምነግራቸው ይህንኑ ነው። ከታች ያሉት ዓመቶች በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ከሁሉ በፊት አንድ ጥያቄ ጠይቁ፦ ሰዎቹ በመሣሪያ የለኩት ምንድን ነው? ዜናው ያለውን ለጊዜው ተዉት። የተለካው ነገር ብዙ ጊዜ አንድ አንቀጽ ውስጥ ተደብቆ ታገኙታላችሁ፤ ከቁጥር ጋር።

የፊውዥኑን፣ ማለትም ቀላል አቶሞችን አዋህዶ ጉልበት የማውጣቱን ዜና ውሰዱ። ዲሴምበር 2022 ላይ ካሊፎርኒያ የሚገኘው የሎውረንስ ሊቨርሞር ቤተ ሙከራ በ192 ሌዘሮች አንዲት ትንሽ የሃይድሮጅን ነዳጅ እንክብል መታ። እንክብሏ ጋ የደረሰው የሌዘር ጉልበት 2.05 ሜጋጁል ነበር። የወጣው 3.15 ሜጋጁል። ዜናው ሲወጣ ስልኬ «ማለቂያ የሌለው ኃይል ተገኘ» በሚል ዜና ተሞላ።

እስቲ ሒሳቡን እንሥራው። 3.15 ሜጋጁል ማለት 0.9 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ነው። የኤሌክትሪክ የእንጀራ ምጣድ 3.5 ኪሎዋት አካባቢ ይስባል። ስለዚህ ያ ሁሉ ፊውዥን ምጣዱን ለሩብ ሰዓት ያህል ቢያሠራው ነው። ሌዘሮቹን ለመተኮስ ከመስመር የተሳበው ደግሞ 300 ሜጋጁል ገደማ ነበር። በዚያ ጉልበት ምጣዱ ቀንና ሌሊት 24 ሰዓት ይጋግራል።

ታዲያ ዜናው ውሸት ነበር? በጭራሽ። እንክብሏ ከደረሳት የሌዘር ጉልበት በላይ ስትሰጥ በቤተ ሙከራ ታሪክ የመጀመሪያው ነበር። የኔ አስተያየት ያኔም ዛሬም አንድ ነው፦ ለፊዚክሱ እልል በሉ፣ የመብራት ሂሳባችሁን ግን መክፈል ቀጥሉ።

ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ ሌላ ሰው ደግሞ ሠርቶት እንደሆነ ነው። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ከዚህ የሚበልጥ ምሳሌ አላውቅምና።

ጁላይ 22 ቀን 2023 የደቡብ ኮሪያ ተመራማሪዎች ሁለት ጽሑፎች ኢንተርኔት ላይ ለቀቁ። ጽሑፎቹን ሌሎች ባለሙያዎች ገና አልገመገሟቸውም ነበር። ኤልኬ-99 የሚባል፣ ከእርሳስ ማዕድን፣ ከመዳብ፣ ከፎስፈረስና ከኦክስጅን የተሠራ ግራጫ ነገር አገኘን አሉ። በተለመደው የአየር ግፊት፣ እስከ 127 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ድረስ፣ ኤሌክትሪክን ያለ አንዳች ተቃውሞ ያስተላልፋል ነው ነገሩ። ይህ እውነት ቢሆን ቀልድ አልነበረም። እንዲህ ያለ ተቃውሞ የሌለው ነገር ሱፐርኮንዳክተር ይባላል፤ እስካሁን የምናውቃቸው ሱፐርኮንዳክተሮች ወይ ከባድ ቅዝቃዜ ይፈልጋሉ፣ ወይ የሚያደቅ ግፊት። በየሆስፒታሉ ያለው ኤምአርአይ ማግኔት የሚቀዘቅዘው ከዜሮ በታች 269 ዲግሪ ገደማ በሆነ ፈሳሽ ሂሊየም ነው።

ከጽሑፎቹ ጋር ቪዲዮም ነበር። አንዲት ቁራጭ ማግኔት ላይ በአንድ ጎኗ ብድግ ብላ ትታያለች። ሌላው ጎኗ እንደተቀመጠ ነው። ሱፐርኮንዳክተር ማግኔት ላይ ይንሳፈፋልና ኢንተርኔቱ ግን «ተንሳፈፈች!» አለ። አንድ ተማሪዬ ክፍል ውስጥ እጁን አውጥቶ «ቲቸር፣ የኤሌክትሪክ ምዕራፉ ሊቀየር ነው፣ ለፈተና እናጥናው ወይስ እንተወው?» ብሎ ጠየቀኝ። ብልጥ ነው። አጥኑት አልኩ።

የኤልኬ-99 ደግነቱ አሠራሩ ቀላል መሆኑ ነው። እስከ 925 ዲግሪ የሚደርስ ምድጃና በቀላሉ የሚገኙ ኬሚካሎች ይበቃሉ። ስለዚህ በየአገሩ ያሉ ቤተ ሙከራዎች ወዲያው መሥራት ጀመሩ። በቀጥታ ስርጭት እያሳየ የሠራም ነበር። ነገሩ የተፈታው በዚህ መንገድ ነው። ናሙናው ውስጥ የመዳብና የሰልፈር ውህድ ቆሻሻ ተገኘ። ይህ ውህድ በራሱ 104 ዲግሪ አካባቢ ላይ የውስጥ አቀማመጡ ይቀየራል፤ የኤሌክትሪክ ተቃውሞውም በዚያው ይወድቃል። ኮሪያዎቹ ያዩት መውደቅ ይህ ነበር። ግማሽ መነሳቱም ከተራ የማግኔት ጠባይ አላለፈም። ጀርመን ሽቱትጋርት ያለው የማክስ ፕላንክ ተቋም ከቆሻሻው የጸዳ ክሪስታል ሲያሳድግ ያገኘው ነገር ብርሃን የሚያሳልፍ፣ ሐምራዊ፣ ጭራሽ ኤሌክትሪክ የማያስተላልፍ ሆነ። ተቃውሞው በሚሊዮን ኦም ነው የተለካው። ከጁላይ መጨረሻ እስከ ኦገስት አጋማሽ፣ አንድ ወር ሳይሞላ፣ ወሬው አለቀለት።

በዚያ ሰሞን ጥሩ አስተያየት የሚሰጥ ሰው ምን ይል ነበር? «አላምንም» ማለት አይበቃም። ይልቅ «ተቃውሞው ዜሮ መግባቱን አሳዩኝ፤ ቀነሰ አይበቃኝም። ቁራጯ ሙሉ በሙሉ ትነሳ። ከኮሪያዎቹ ጋር ግንኙነት የሌለው ቤተ ሙከራም ይድገመው። ሦስቱ ከተሟሉ እኔም እጨፍራለሁ» ማለት ነበረበት። ሐሳባችሁን ምን እንደሚያስቀይራችሁ አስቀድማችሁ ጻፉ። ይህን ማድረግ ካቃታችሁ የያዛችሁት ስሜት ነው፤ እንደ ስሜት አውሩት፣ ችግር የለውም።

ተመራማሪዎቹ ራሳቸው የተናገሩትንም ፈልጉ። በ2011 ጄኔቫ ካለው ሰርን ከተባለው የፊዚክስ ምርምር ማዕከል ወደ ኢጣሊያ ግራን ሳሶ ቤተ ሙከራ፣ 730 ኪሎ ሜትር ያህል የተላኩ ኒውትሪኖ የሚባሉ እጅግ ጥቃቅን ቅንጣቶች ከብርሃን በ60 ናኖሰከንድ (የሰከንድ ቢሊዮንኛ) ቀድመው የደረሱ መሰሉ። አንስታይን ከብርሃን የሚፈጥን የለም ብሎ ነበርና ጋዜጦች «አንስታይን ተሸነፈ» ሲሉ ለኪዎቹ ግን «ስህተታችንን መለየት አልቻልንም፤ እባካችሁ ፈትሹልን» ነበር ያሉት። በኋላ በደንብ ያልተሰካ የፋይበር ገመድ ተገኘ። እንዲህ የሚናገር ተመራማሪ ስታዩ ላይክ አትንፈጉት።

ወደ ጤና ስንመጣ ነገሩ ይከብዳል፤ ሰው ይፈራላ። እዚህ ላይ በመቶኛ ተጠንቀቁ። ሁልጊዜ «የምን በመቶ?» በሉ። በ2015 የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም፣ በቀን 50 ግራም እንደ ሞርታዴላና ቋሊማ ያለ የተቀነባበረ ሥጋ መብላት የአንጀት ካንሰር አደጋን በ18 በመቶ ይጨምራል አለ። ብዙ ሰው የገባው ከመቶ በላተኞች 18ቱ እንደሚታመሙ ነው። እንዲያ አይደለም። ከመቶ ሰው አምስቱ በዕድሜያቸው ይታመሙ ነበር እንበል፤ 18 በመቶ ሲጨመርበት ስድስት ገደማ ይሆናሉ። ጭማሪው አለ፣ ግን ልክ አለው።

ይኸው ተቋም ነው በ2016 ቡናችንን የነካው። አክስቴ፣ እትዬ የምላቸው፣ «ቡና ካንሰር ያመጣል ተባለ» ብለው ደንግጠው ደወሉልኝ። ዜናው ግን እንዲያውም የተገላቢጦሽ ነበር። ተቋሙ በ1991 ቡናን ካንሰር ሊያመጡ ይችላሉ ከሚባሉት መድቦት ነበር። በ2016 ከ1000 በላይ ጥናቶችን አገላብጦ ከዚያ መደብ አወጣው። «ሳያመጣ አይቀርም» ያለው ከ65 ዲግሪ በላይ የሚጠጣን በጣም ትኩስ መጠጥ ነው፤ ውኃም ይሁን ሻይ። ጥርጣሬው ሙቀቱ ላይ ነው። «ታዲያ ምን ላድርግ?» አሉኝ። አቦሉ ትንሽ ይብረድ፣ ከዚያ በሰላም ይጠጡ አልኳቸው።

የተቋሙ መደቦች የሚነግሩን ማስረጃው ምን ያህል የጠነከረ እንደሆነ ነው፤ አደጋው ምን ያህል እንደሆነ አይነግሩንም። የተቀነባበረ ሥጋና ሲጋራ አንድ መደብ ውስጥ መሆናቸው እኩል ይገድላሉ ማለት አይደለም። ይህን ሳታውቁ «ሳንድዊች እንደ ሲጋራ ገዳይ ነው» የሚል ነገር ሼር አታድርጉ፣ በማርያም። አይጥ ላይ የተሞከረ መድኃኒት ከሆነ ደግሞ «ለአይጦቹ እንኳን ደስ አላቸው» ብላችሁ እለፉ።

ዜናው ከአገራችን ሲሆን ጥንቃቄው እጥፍ ይሁን፤ የምንፈራውም የምንኮራውም እኛው ነና። ኖቬምበር 2025 ላይ አፋር ውስጥ የሃይሊ ጉቢ እሳተ ገሞራ ሲፈነዳ፣ አመዱ በየመንና በኦማን አልፎ ሕንድ ሲደርስ፣ «ከ12 ሺህ ዓመት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈነዳ» የሚለው በየቦታው ተጻፈ። ጥያቄው ያው ነው፦ ምን ተለካ? የዓለም የእሳተ ገሞራ መዝገብ ላይ፣ ባለፉት 12 ሺህ ዓመታት ገደማ ውስጥ የሃይሊ ጉቢ ፍንዳታ አልተመዘገበም። ያ ሁሉ ዘመን በረሃው ውስጥ ማን ቁጭ ብሎ ሊመዘግብ? አለመመዝገብና አለመፈንዳት ለየቅል ናቸው። የኔ አስተያየት ብትሉኝ ደግሞ፣ ከ12 ሺሁ ይልቅ አመድ የለበሰው የአፍዴራ ሰው ግጦሽና ከብቶች ርዕስ መሆን ነበረባቸው።

በ2024 መጨረሻና በ2025 መጀመሪያ በፈንታሌና በዶፈን አካባቢ መሬት ሲንቀጠቀጥ፣ አዲስ አበባ ፎቅ ላይ ያለን ሁሉ ሌሊት ስንነቃ፣ ሌላ ዓይነት መልእክት መጣ። «ዛሬ ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ከባድ ይመጣል፣ ናሳ ብሏል፣ ለምትወዷቸው አስተላልፉ።» ለዚህ የሚሰጠው መልስ አጭር ነው። የአሜሪካ ጂኦሎጂካል ሰርቬይ በግልጽ እንደሚለው፣ ቦታውን፣ ጊዜውንና መጠኑን ለይቶ ትልቅ የመሬት መንቀጥቀጥ የተነበየ ሳይንቲስት እስካሁን የለም። ሰዓት የተጻፈበት መልእክት ሲደርሳችሁ ያንን ሰዓት ማየት ብቻውን ይበቃል፤ አጥፉት። ሳይንቲስቶች የሚሰጡት ዕድልን ነው፦ በዚህ አካባቢ፣ በዚህን ያህል ጊዜ ውስጥ፣ ይህን ያህል ሊሆን ይችላል። እሱን ስታዩ አትናቁት።

የዕቃና የአፕ ዜና ብዙ አያደክምም። ማስታወቂያ መሆኑን አትርሱ፣ ከዚያ ራሳችሁ ሞክሩት። ጎግል በፌብሩዋሪ 2023 ባርድ የተባለውን አርቲፊሻል ኢንተለጀንስ ሲያስተዋውቅ፣ ባርድ በራሱ ማስታወቂያ ላይ ስለ ጄምስ ዌብ ቴሌስኮፕ ተሳስቶ፣ የኩባንያው ዋጋ በአንድ ቀን 100 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ወረደ። «ሁሉን ቋንቋ ይችላል» የሚል አዲስ ነገር ሲመጣ መልሱን በምታውቁት ነገር በአማርኛ ፈትኑት። እኔ «መስከረም 2 ቀን 1967 በፈረንጅ ስንት ነው?» እላለሁ። ሴፕቴምበር 12 ቀን 1974 ካላለኝ ቀጠሮዬን አልሰጠውም። በ2024 የነዳጅ የቤት መኪና ማስገባት ከተከለከለ ወዲህ ደግሞ ሁሉም የባትሪ ባለሙያ ሆኗል። «አንዴ ሞልተህ 600 ኪሎ ሜትር» ሲሏችሁ በየትኛው አገር መለኪያ እንደሆነ ጠይቁ። ሲኤልቲሲ የሚባለው የቻይና መለኪያ ከአሜሪካው መለኪያ በጣም ቸር ነው።

አሁን አስተያየቱን ጻፉ። አጭር ይሁን። የተለካውን በአንድ ዓረፍተ ነገር፣ የናንተን ሐሳብ በሌላ። ሁለቱን አታደባልቁ። «ይመስለኛል» ማለት አያሳፍርም፤ ምንጩን ሳያያይዙ «ተረጋግጧል» ማለት ነው የሚያሳፍረው። ስክሪንሾት ምንጭ አይሆንም።

የቀረው የቤተሰብ ግሩፕ ነው። እዚያ ታላቅ ሰው የተሳሳተ ዜና ሲልኩ በሁሉም ፊት «ጋሼ፣ ይሄ ውሸት ነው» ብላችሁ ካረማችሁ፣ ዜናውም አይታረም፣ እናንተም ትቀያየማላችሁ። በውስጥ መስመር ጻፉላቸው። እኔ ለአጎቴ የምጽፈው እንዲህ ነው፦ «ጋሼ፣ እንዴት አደሩ? የላኩትን አየሁት፣ ጥሩ ነገር አነሱ። ዋናውን ጽሑፍ ፈልጌ ባነበው ግን ትንሽ ለየት ይላል፤ ይኸው ልኬልዎታለሁ። ለሌሎቹም እርስዎ ቢነግሯቸው ይሻላል።» የመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር ናት ሥራውን የምትሠራው። ጋሼ ራሳቸው ግሩፑ ላይ ወጥተው አረሙት። አሁን አሁን ደግሞ ከመላካቸው በፊት እኔ ጋ ይልኩታል። ግሩፑ ሰላም ሆኗል፤ እኔ ነኝ ሥራ የበዛብኝ።